ውሃውስ ገባ፤ በየት ይውጣ?

የከተማን ታሪክ ነገሥታቱ ብቻ አይናገሩትም፤ ቧንቧውም ይናገራል። ቧንቧ ቀድሞ የማን ግቢ እንደገባ ካየን፣ ከተማው ለማን እንደታሰበ እንረዳለን።

አዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ ያየችው በ1880ዎቹ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ውሃ ስቦ ቤተ መንግሥት አስገባ። ውሃው ቁልቁል ወርዶ መልሶ ሽቅብ ሲወጣ ጉድ ተባለ። ምስጢሩ ግን ቀላል ነው፦ ምንጩ ከግቢው ከፍ ስለሚል የራሱ ክብደት ይገፋዋል። ሰፊው ሕዝብ በበኩሉ ከወንዝና ከምንጭ በእንስራ መቅዳቱን ቀጠለ።

መርካቶ የመጣችው ኋላ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን (1928–1933) ነጩንና ጥቁሩን በሰፈር ሲለይ፣ ገበያውን ከአራዳ ነቅሎ ወደ ምዕራብ ወሰደው። በ1930ዎቹ ገፈርሳ፣ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ ለገዳዲ ተገደቡ። ይሁንና ለብዙው የመርካቶ ነዋሪ ውሃ ማለት ለረጅም ዘመን ቦኖ ነበር፤ ሰልፍና ባልዲ፣ በኋላም ጀሪካን።

እሺ፣ ውሃው ገባ እንበል። በየት ወጣ? ዋናው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ከተማዋ ዘመናዊ የፍሳሽ መስመርና የቃሊቲን ማጣሪያ ያገኘችው በ1970ዎቹ ነው፤ ከኢልግ ቧንቧ ከሰማንያ ዓመት በላይ ዘግይታ! ያውም ማጣሪያው የታቀደው ለ50,000 ሰው ግድም ሲሆን፣ በ1976ቱ ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ ከ1,400,000 በልጧል። የቀረው ሰው ፍሳሽስ? በጋራ ሽንት ቤት ጉድጓድ፣ በቦይ፣ በወንዝ። ጉድጓዱ ሲሞላ መምጠጫ መኪና ይጠራል፤ መኪናው ግን መርካቶ ውስጥ ለውስጥ ያለውን ጠባብ መንገድ የት አልፎ?

በ2010 ዓ.ም. በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የሚያጣራ አዲስ ጣቢያ ቃሊቲ ላይ ተመረቀ። ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ማጣሪያ ያለ መስመር፣ ጎተራ ያለ መንገድ ማለት ነው፤ ከየግቢው የሚያያዘው ቱቦ ካልተዘረጋ ፍሳሹ ቃሊቲ አይደርስም።

ወንዝ የገባው ቆሻሻ ደግሞ ሄዶ አይቀርም። ወደ ትንሹ አቃቂ ይወርዳል። በዚያ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ አትክልቱም ተመልሶ ከተማ ገበያ ይወጣል፣ ከማዕዳችን ይቀርባል። ስለዚህ የከተማን ልማት በግድቡ ብዛት ብቻ አንለካው። ስንት ውሃ ገባ ብለን በጠየቅን ቁጥር፣ ስንቱ ተጣርቶ ወጣ ብለንም እንጠይቅ።