«ፔይንለስ» እና ቅጣት

በእንግሊዝኛ «ፔይንለስ» ማለት ሕመም አልባ፣ የማያሳምም ነው። «ለስ» አልባነትን ይገልጻል። «ፔይን» ደግሞ በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲኑ «ፖይና» የመጣ ነው፤ የፖይና ትርጉም ግን ቅጣት!

በአዲስ ዓለምም ሆነ በአምቦ አንድ ሰው ሲታመም «ምን አጥፍቶ ይሆን?» የሚል አይጠፋም። (ላቲን ሳንማር!) ነቢዩ አዩብ (ዐ.ሰ) በምን ጥፋት ታመሙ? ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊም እሾህ እንኳ ቢወጋው ወንጀሉ እንደሚታበስለት ነግረውናል፤ እንድንታከምም አዘዋል። በ1037 ያረፉት ኢብኑ ሲና «አልቃኑን» በተሰኘው የሕክምና መጽሐፋቸው ኦፒየምን ጨምሮ ሕመም ማስታገሻዎችን ጽፈዋል። ታዲያ ሐኪም ማደንዘዣ ሲሰጠን «ሰብር አጣን» ብለን የምንሸማቀቅበት ምክንያት አይታየንም።