ጀሶ ውስጥ የከረመ እግር ለምን ይከሳል? መታሸትስ ያድነዋል?

ራቤል በሰሜን ሸዋ የግሼ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፡፡ ዳገትና ገደል በበዛበት በዚህ ደጋ ሰው መውደቁ ብርቅ አይደለም፡፡ ከበቅሎ ጀርባ፣ ከገደል አፋፍ፣ በክረምት በሚያንሸራትት መንገድ ላይ ይወደቃል፤ እጅ ወይም ቅልጥም ይሰበራል፡፡ ከዚያ ወይ ወጌሻ ይጠራል፣ ወይ ተጎጂው በጤና ጣቢያ በኩል ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ይወሰዳል፡፡ ወራት አልፈው ጀሶው ሲፈታ ግን ቤተሰቡ ይደነግጣል፡፡ አጥንቱ ገጥሟል፤ ባቱ ግን እንደ ሸምበቆ ቀጥኗል፡፡ በየጊዜው ቅቤ እየቀባን አሽተነው ቢሆን ኖሮ ባልከሳ ነበር የሚል ጸጸትም ይከተላል፡፡ ለመሆኑ ይህ ጸጸት ልክ ነውን?

ጡንቻ ለምን ይሟሽሻል?

የሰው ጡንቻ በየቀኑ ይፈርሳል፣ በየቀኑም ይገነባል፡፡ ግንባታውን የሚያነቃቃው ሥራ ነው፡፡ እግር ታስሮ ሲቀመጥ ፍርሻው ይቀጥላል፤ ግንባታው ግን ይዳከማል፡፡ ሁኔታው ከሚገመተው በላይ ፈጣን ነው፡፡ በኔዘርላንድ የማስትሪክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2014 ባሳተሙት ጥናት የጤነኛ ወጣት ወንዶችን አንድ እግር በጀሶ አስረው ለክተውት ነበር፡፡ በ5 ቀን ውስጥ የጭን ጡንቻ መጠን በ3.5 በመቶ፣ ጉልበቱ ደግሞ በ9 በመቶ ቀነሰ፡፡ በ14 ቀን መጠኑ ከ8 በመቶ በላይ፣ ጉልበቱ ደግሞ 23 በመቶ ያህል ወረደ፡፡ ከዚህ እንደምንረዳው ጉልበት የሚጠፋው እግሩ ከስቶ ከመታየቱ በፊት ነው፡፡

መታሸት ምን ይሠራል?

እጅ ጡንቻን ሲጫንና ሲስብ በጡንቻው ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ግፊቱን እንደ ሥራ ምልክት ይቆጥሩታል፡፡ በአሜሪካ የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች የተሳተፉበት የምርምር ቡድን ይህንን በአይጦች ላይ ፈትኗል፡፡ እ.ኤ.አ በ2018 በወጣው ጥናት የአይጦቹ የኋላ እግር መሬት እንዳይነካ ተደርጎ ጡንቻቸው ከሟሸሸ በኋላ፣ እንደገና መራመድ ሲጀምሩ በየሁለት ቀኑ ለ30 ደቂቃ ያህል ታሹ፡፡ የታሹት ጡንቻቸው ካልታሹት በተሻለ ሁኔታ አገገመ፡፡ የሚያስገርመው ያልታሸው ሌላኛው እግራቸውም መጠቀሙ ነው፡፡

ይሁንና እ.ኤ.አ በ2020 የወጣው ተከታይ ጥናት የጸጸቱን መልስ ይሰጣል፡፡ እግሩ ሥራ ፈትቶ ባለበት ወቅት ማሸቱ የጡንቻውን ግንባታ ቢያነቃቃም መሟሸሹን አላስቀረም፡፡ በቀጣዩ ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በዕድሜ የገፉ አይጦች ጡንቻ ለመታሸት ብዙም ምላሽ እንደማይሰጥ አሳይቷል፡፡ እርግጥ ነው አይጥ ሰው አይደለም፡፡ ቢሆንም እስካሁን ያለው ማስረጃ የሚያመለክተው መታሸት ከጀሶ በኋላ ላለው ማገገም አጋዥ ሊሆን እንደሚችል እንጂ፣ በጀሶ ወቅት የሚደርሰውን መሟሸሽ ብቻውን እንደማያስቀር ነው፡፡ ስለዚህ ሳያሹ የቀሩ ቤተሰቦች ራሳቸውን ሊወቅሱ አይገባም፡፡

መታሸት መቼ ይጎዳል?

ትኩስ ስብራትን ማሸት አደገኛ ነው፡፡ አጥንቱን ከቦታው ያንቀሳቅሳል፣ ደም ሥርና ነርቭ ይጎዳል፡፡ በተለይ ክርን አካባቢ የደረሰ ጉዳት በኃይል ሲታሽ በጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊበቅልና መገጣጠሚያው ሊደርቅ ይችላል፡፡ ባት በድንገት ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ ደግሞ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ፈጽሞ መታሸት የለበትም፡፡ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ሕይወት ያጠፋል፡፡

ከመታሸትም የከፋው አጥብቆ ማሰር ነው፡፡ በአገራችን ሆስፒታሎች እጅና እግራቸው ከሚቆረጥ ሰዎች መካከል ጠብቆ በታሰረ እንጨት ምክንያት ደም ተቋርጦባቸው ጋንግሪን የያዛቸው ይገኙበታል፡፡ መፍትሔ ግን አለው፡፡ እ.ኤ.አ በ2005 በታተመ አንድ የኢትዮጵያ ጥናት ለወጌሾች የአንድ ቀን ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚመጣው ጋንግሪን በግልጽ ቀንሷል፡፡ ጀሶም ሆነ እንጨት ከታሰረ በኋላ ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ፣ ሕመሙም እየባሰ ከሄደ ሳይነጋ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል፡፡ እዚህ ላይ ልዩነት የሚፈጥሩት ሰዓታት ናቸው፡፡

በጀሶ ወቅት ምን ይደረግ?

ሐኪሙ እስካልከለከለ ድረስ የሚከተሉት ይረዳሉ፡፡

- ከጀሶው ውጪ ያሉ ጣቶችንና መገጣጠሚያዎችን በቀን ብዙ ጊዜ ማንቀሳቀስ፡፡
- በጀሶው ውስጥ ያለውን ጡንቻ ማጠንከርና መልቀቅ፡፡ ለምሳሌ የጭንን ጡንቻ 5 ሰከንድ ያህል አጠንክሮ ይዞ መልቀቅ፣ ይህንንም 10 ጊዜ መደጋገም፡፡ መገጣጠሚያው ሳይንቀሳቀስ ጡንቻው ይሠራል፡፡
- ጤነኛውን እጅ ማሠራት፡፡ እ.ኤ.አ በ2009 በካናዳ ሳስካቸዋን ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ጥናት አንድ እጃቸው ለ3 ሳምንት ታስሮ ነፃውን እጅ በስፖርት ያጠነከሩ ሰዎች የታሰረው እጃቸው ጉልበቱን ሳያጣ ቆይቷል፡፡
- እግርን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥና፣ ሐኪም ሲፈቅድ ብቻ በክራንች መርገጥ መጀመር፡፡
- ገንቢ ምግብ መመገብ፡፡ እንቁላልና ወተት ባይገኝ ወይም ጾም ቢሆን በአካባቢው የሚመረተው ባቄላ፣ ምስርና አተር ጥሩ ምትክ ነው፡፡ ሕመምተኛ ስለ ጾሙ የንስሐ አባቱን ማማከር ይችላል፡፡

ጀሶው ሲፈታስ?

የመታሸት ጊዜው ይህ ነው፡፡ በመጀመሪያ ግን አጥንቱ መግጠሙን ሐኪም ያረጋግጥ፡፡ ከዚያ በኋላ ቅቤም ሆነ ቅባት ቀብቶ በዝግታ ጡንቻውን ማሸት የደረቀውን ቆዳ ያለሰልሳል፣ ሕመም ያስታግሳል፣ ለእንቅስቃሴም ያዘጋጃል፡፡ ቅቤው እጅ እንዲንሸራተት ይረዳል እንጂ ወደ ጡንቻ ገብቶ ሥጋ አይሆንም፡፡ ሥጋ የሚመልሰው እንቅስቃሴው ነው፡፡ የታሸ እግር ተመልሶ አልጋ ላይ ከዋለ ድካሙ ከንቱ ነው፡፡

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በየወረዳው አይገኝም፡፡ ስለሆነም ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፡- መቼ ልርገጥ? የትኛውን እንቅስቃሴ ልሥራ? መታሸትስ መቼ ይፈቀድልኛል? መልሱን ይዞ ወደ ቤቱ የገባ ተጎጂ ከወጌሻውም ጋር ሳይጋጭ፣ እግሩንም ሳይጎዳ ወደ እርሻው ይመለሳል፡፡