ዕዳን በዕዳ መክፈል መቼ ያዋጣል?

ውጭ አገር የክሬዲት ካርድ ዕዳ የከበደበት ሰው፣ ዕዳውን ለተወሰኑ ወራት ወለድ ወደማያስከፍል ሌላ ካርድ ያዞራል። የማዞሪያ ክፍያው ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ነው። ጊዜው ሲያልቅ ወለዱ ይመለሳል።

እኛ ጋ፣ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ፣ የብዙ ወጣት ዕዳ ያለው ስልኩ ላይ ነው፦ ቴሌብር መላ፣ እንደኪሴ፣ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ምቹ። ከአንዱ ተበድሮ ሌላውን መክፈልም ቀላል ነው። ግን ያዋጣል?

እንበልና 5,000 ብር ዕዳ አለብን፤ በወር 400 ብር ይጨምራል። አዲሱ ብድር በወር 450 ብር ከጠየቀ ቀን ገዛን እንጂ ዕዳው አልቀለለም፣ በ50 ብር ባሰበት። 200 ብር ብቻ ከሆነ ያዋጣል። ከመበደራችን በፊት ወለዱንም የአገልግሎት ክፍያውንም እንደምር።

ወለድ የሌለው ማዞሪያ ግን ሰፈራችን ውስጥ አለ፦ ዕቁብ። ቀድሞ ከወጣልን ዕዳውን በአንዴ ዘግተን፣ የቀረውን በየሳምንቱ እንጥላለን። ዕጣውን ከሌላ ሰው ከገዛን የከፈልነውን እንደ ወለድ እንቁጠረው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከዘጋነው መተግበሪያ መልሰን ከተበደርን፣ አንዱ ዕዳ ሁለት ይሆናል።