ወፍጮውና የአቶም ምድጃው

ወጣት ሆይ! አንኮበርን ባየሁ ጊዜ አንድ የቆየ ታሪክ ትዝ አለኝ። በ1840 ዓ.ም. ባረፉት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንድ የውጭ አገር ሙያተኛ በዚያ የውሃ ወፍጮ ሠርቶ ነበር። ነገር ግን «የሰይጣን ሥራ ነው» ተብሎ ቀረ፤ የሴቶችም ክንድ በወፍጮ ድንጋይ ላይ ሲደክም ኖረ። በዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ስቄአለሁ፤ ዛሬ ግን መሳቄን ትቻለሁ።

ምክንያቱም በሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. በሶቪየት ዩክሬን፣ በፕሪፕያት ወንዝ አጠገብ፣ በቸርኖቢል የሆነውን ተረዳሁ። የአቶም ኃይል ማመንጫ ዩራንየም ሲሰነጠቅ በሚወጣው ሙቀት ውሃን አፍልቶ በእንፋሎቱ መዘውር ያዞራል። ወፍጮ ውሃው ሲቋረጥ ይቆማል፤ ይህ ምድጃ ግን ከጠፋም በኋላ ትኩሳቱ ቶሎ አይበርድምና የሚያቀዘቅዘው ውሃ ሊለየው አይገባም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በውሃ አጠገብ ይሠራል። በዚያች ሌሊት የምድጃው አሠራር ራሱ ጉድለት ሳለበት፣ ሠራተኞቹ ለሙከራ ብለው መከላከያዎቹን ዘጉ፤ ምድጃውም ፈነዳ። በማግስቱ የፕሪፕያት ከተማ ሕዝብ ቤቱን ለቆ ወጣ፤ ከተማይቱም ባዶ ቀረች።

እንግዲህ እነዚያ ሳይመረምሩ ፈሩ፤ እነዚህ ሳይመረምሩ ደፈሩ። ፍርሃቱ ዱቄት አስቀረ፤ ድፍረቱ ግን ከተማ አጠፋ።

በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ አገራችን ስለ አቶም ኃይል ማመንጫ ከሩሲያ ጋር ዕቅድ ተፈራርማለች። ነገ ያን ምድጃ የምትጠብቀው አንተ ትሆን ይሆናል። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉና፣ አለቃህ «ፍጠን» ቢልህ እንኳ ያልመረመርከውን አትንካ።