የጽዳት ክሮች ቁጥር ታሪክ

አንድ ሰው በ12 ሰዓት የሚቆፍረውን ጉድጓድ 12 ሰዎች በስንት ሰዓት ይቆፍሩታል? የሒሳብ መጽሐፍ «በ1 ሰዓት» ይለናል። ጉድጓዱ ግን 12 ሰው ላያስቆም ይችላል። የኮምፒዩተር ሊቃውንትም ይህን ጥያቄ ሲመላለሱበት ኖረዋል። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፕሮግራም ሲሠራ ከማስታወሻው ቦታ ይወስዳል፤ የወሰደውን ሁሉ ግን እስከ መጨረሻው አይፈልገውም። የሊስፕን ቋንቋ የፈጠረው ጆን ማካርቲ፣ ፈላጊ ያጣውን ቦታ መሣሪያው ራሱ እንዲያስለቅቅ የሚያደርግ ዘዴ በ1960 አሳተመ። ዘዴው በኋላ «ቆሻሻ መሰብሰብ» በሚል ስም ታወቀ። በአይ.ቢ.ኤም. 704 ላይ ጽዳቱ ሴኮንዶች ይፈጅ ነበር፤ እስኪያልቅም ሥራው ይቆማል።

ታዲያ ሥራ ሳይቆም ማጽዳት አይቻልምን? ጋይ ስቲል በ1975፣ ዳይክስትራና አራት ባልደረቦቹ በ1978 አንዱ ፕሮሰሰር ሲሠራ ሌላው ጎን ለጎን የሚያጸዳበትን ዘዴ አቀረቡ። አስቸጋሪው ነገር አጽጂው ሲቆጥር ሠራተኛው ዕቃውን ማዘዋወሩ ነው። ስለዚህ በዳይክስትራ ዘዴ ሠራተኛው አዲስ ግንኙነት በፈጠረ ቁጥር ምልክት የማድረግ ግዴታ ተጣለበት።

ጃቫ በ1995 ለሕዝብ ከቀረበ በኋላ ጽዳቱን ብዙ የሥራ ክሮች ይካፈሉት ጀመር። ሆትስፖት የተባለው የጃቫ ማስኬጃ የተለመደ ደንብ እንዲህ ነው፦ እስከ 8 ፕሮሰሰር ድረስ ለእያንዳንዱ አንድ ክር፤ ከ8 በላይ ላሉት ግን አምስት ስምንተኛ ብቻ። ፕሮሰሰሮቹ 32 ከሆኑ 8 ሲደመር 15፣ ማለትም 23 ክሮች ይሆናሉ። ክሮቹ በበዙ ቁጥር አንዱን ማስታወሻ ይሻሙበታል፤ እርስ በርስም ይጠባበቃሉ።

በዚሁ መሣሪያ ላይ 4 ፕሮግራሞች ቢኖሩስ? እያንዳንዱ መሣሪያው የብቻው ይመስለዋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ማጽዳት ቢጀምሩ 92 ክሮች በ32 ፕሮሰሰር ይጋፋሉ፤ በመስኮት ፊት የቆመው ባለጉዳይም ይጠብቃል። ቀደም ሲል የ2 ፕሮሰሰር ድርሻ ብቻ የተሰጠው ፕሮግራም ሳይቀር 32 ቆጥሮ 23 ክር ሊከፍት ይችል ነበር። በ2018 የወጣው ጃቫ 10 በሊኑክስ ላይ ድርሻውን እንዲያይ ተደረገ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ የሚያብረው ግን ሲመጠን ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ለመለወጥ የሚያስብ ተማሪ አስቀድሞ ይለካ፦ ሥራው ለጽዳት ስንት ጊዜ ይቆማል? በየጊዜው ለምን ያህል? በመሣሪያው ላይስ ሌላ ማን አለ?

ለመልመጃ፦ 16 ፕሮሰሰር ላለው መሣሪያ ደንቡ ስንት ክር ይሰጣል?