የስድስት ኪሎው ግቢ፦ ከቤተ መንግሥት ወደ ቤተ መዘክር

ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ በሰሜን አዲስ አበባ በጉለሌ በኩል፣ ስድስት ኪሎ አደባባይ አጠገብ የሚገኘው ሰፊ ግቢ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና መቀመጫ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1943 ዓ.ም. በኮሌጅነት ሥራ ሲጀምር የተማሪዎቹ ቁጥር 33 ብቻ ነበር። በ2018 ዓ.ም. 75ኛ ዓመቱ ላይ የደረሰው ይህ አንጋፋ ተቋም ታሪኩና ቅርሱ በዐውደ ርእይና በንግግር እንዲዘከርለት ይገባል። ይሁን እንጂ የዩኒቨርሲቲ በዓል ሲባል በብዙ አገር የተለመደው የመሥራቾችን ፎቶግራፍ፣ የምረቃ ካባዎችንና የክብር እንግዶችን ሥዕል ደርድሮ ማሳየት ነው። በስድስት ኪሎ እንዲህ ያለው ዐውደ ርእይ ከታሪኩ ግማሹን እንኳ አይዝም፤ ቤቱ ከተቋሙ ይቀድማልና።

ቤቱ ገነተ ልዑል ይባላል። ከኢጣሊያ ወረራ በፊት ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኖሪያ የተሠራ ሲሆን፣ አዲስ አበባ በ1928 ዓ.ም. በጠላት እጅ ስትወድቅ የፋሺስቱ እንደራሴ መቀመጫ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ የኔፕልስ ልዑል መወለዱን ምክንያት በማድረግ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝቡን የሰበሰበው በዚሁ ግቢ ውስጥ ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወርውረው እንደራሴውን አቆሰሉት። ከዚያ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ በከተማይቱ ሕዝብ ላይ የወረደው ፍጅት የታወቀ ነው፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ባቀረበው ክስ የተገደሉትን 30,000 አድርሷቸዋል። በዩጎዝላቪያውያን ቀራፂዎች እጅ የተሠራው የሰማዕታት ሐውልት ከግቢው በር ውጪ፣ በአደባባዩ መካከል ቆሟል። የምጽዋቱ ድግስ የተሰናዳበት ደረጃ ግን በበሩ ውስጥ ነው፤ ተማሪው በየቀኑ የሚያልፈው በዚያው አጠገብ ነው።

ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። እርከኖቹ 14 ናቸው። ጣሊያኖች ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን ቆጥረው፣ የፋሺዝምን ዘመን በድንጋይ ለመለካት የሠሩት ነው። ከነፃነት በኋላ ደረጃው አልፈረሰም፤ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ምስል ተቀመጠበት። ይህ ውሳኔ በብልህነቱ ሊደነቅ የሚገባው ነው። ጠላት ለራሱ ክብር ያቆመውን ነገር ማፍረስ ቀላል ነበር፤ እንዳለ ትቶ ትርጉሙን መገልበጥ ግን ለመጪው ትውልድ ማስረጃውንም መልሱንም አንድ ላይ አቆየለት። በአዲስ አበባ ካሉት ትናንሽ ቅርሶች መካከል ይህን ያህል የሚናገር ጥቂት ነው።

ከድል በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ገነተ ልዑል ተመለሱ፤ ደሙ ግን በዚያ አላበቃም። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና በወንድማቸው በገርማሜ ንዋይ መሪነት የተነሣው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ፣ በአረንጓዴው ሳሎን ታግተው የነበሩት ሹማምንት በጥይት ተመቱ። ራስ ሥዩም መንገሻ ከሟቾቹ አንዱ ነበሩ። አምስቱን የጠላት ዘመን በዱር በገደል የተዋጉት ራስ አበበ አረጋይም፣ ግራዚያኒ ተቀምጦበት በነበረው ቤት በወገን ጥይት ወደቁ። አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው በይፋ ተመረቀ፤ ቤተ መንግሥቱም ለትምህርት ተሰጠ። ድርጊቱን ልግስና ያሉት አሉ፤ ደም ከፈሰሰበት ቤት መሸሽ ነው ያሉትም አሉ። ምናልባት ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ያም ሆነ ይህ የነገሥታት እልፍኝ የመጻሕፍትና የቅርስ ማኖሪያ ሆነ። በ1950ዎቹ አጋማሽ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲቋቋም ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ደግሞ ቀደም ሲል በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት የጀመሩትን የመሰብሰብ ሥራ በዚህ ቀጠሉ። በ1958 ዓ.ም. ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ በአዲስ አበባ ተካሄደ። ቀድሞ ስለ ኢትዮጵያ የሚወያዩት በአውሮፓ ከተሞች የሚሰበሰቡ ምሁራን ነበሩና፣ ጉባኤው ወደ አገሪቱ መምጣቱ ቀላል ነገር አልነበረም።

በቤተ መዘክሩ የሚታየው የሕዝቦች ባህል በብሔረሰብ ወይም በክፍለ ሀገር ሳይሆን በሰው ልጅ የሕይወት ጉዞ ነው የተደራጀው፤ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞትና ከሞት በኋላ ያለው። ጎብኚው የአራሹን፣ የሸማኔውንና የሸክላ ሠሪዋን መገልገያ አይቶ ጥቂት እንደ ተራመደ ከንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ይደርሳል። ከላይኛው ፎቅ መስቀሎች፣ ሥዕለ አድኅኖና የዜማ መሣሪያዎች ይገኛሉ። የገባሩ ዕቃ ከአስገባሪው አልጋ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መዋሉ ያለ አንዳች ማብራሪያ ብዙ ያስተምራል።

የተማሪው ታሪክ ግን በመስታወት ሣጥን ለማሳየት የሚያስቸግር ነው። በኮሌጅ ቀን በዓል፣ ከታኅሣሡ ግርግር ብዙም ሳይርቅ፣ የታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘ ግጥም ተሰማ። የካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪው «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ ወጣ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ፤ በማግሥቱ አስከሬኑን ይዘው በስድስት ኪሎ ግቢ በተሰበሰቡት ጓደኞቹ ላይ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ተኮሱ። በ1967 ዓ.ም. ተማሪውና መምህሩ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሄዱ፤ ከዚያ የተመለሰው ትውልድ ደግሞ በቀይ ሽብር ዘመን እርስ በርሱ ተፋጀ፣ በመንግሥትም ታደነ። ይህን የዘለለ የዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያልተፈጸመ ታሪክ ነው።

ቅርሱ በአዳራሽ ብቻ የተወሰነም አይደለም። የዩኒቨርሲቲው ብሔራዊ ሔርባሪየም ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የአገሪቱን ዕፅዋት አድርቆና ስም ሰጥቶ ሲያኖር ቆይቷል። ከከተማው አስተዳደር ጋር በሽርክና የተቋቋመው፣ 705 ሄክታር የሚሸፍነው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ደግሞ ያንኑ ዕውቀት በቁሙ፣ ከነሥሩ ያሳያል።

ለንግግሩ መድረክ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ያለው ራስ መኮንን አዳራሽ ከማንም የተሻለ ነው። የተናጋሪዎቹ ጉዳይ ግን ጊዜ አይሰጥም። በ1943 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ኮሌጅ የገባ ተማሪ በ2018 ዓ.ም. የ93 ዓመት አዛውንት ነው። ጥላሁን በተገደለ ማግሥት ከአስከሬኑ አጠገብ የቆመ የ20 ዓመት ወጣትም 76 ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ ዐውደ ርእይ አዘጋጂዎች ፎቶግራፎቹን ከመስቀላቸው በፊት ሊያደርጉት የሚገባ ሥራ አለ፤ የመቅረጸ ድምፅ መሣሪያ ይዞ በየቤቱ መሄድ፣ ማን የት እንደ ቆመ፣ ወታደሩ በየትኛው በር እንደ ገባ፣ ማን ቆስሎ በማን ትከሻ እንደ ወጣ ጠይቆ መመዝገብ።