ቀድማ የምትወርደው ኩራዝ

ጉንደ ወይን ሳለሁ የኦክስጅን መለኪያችን ኩራዝ ነበረች፤ ያኔ ኦክስጅን የሚለውን ቃል ማን ሰምቶት! አባቴና ጎረቤታችን የውኃ ጉድጓድ ሊጠርጉ ሲሉ የቆርቆሮዋን ኩራዝ ለኩሰው በገመድ ቀስ እያሉ ያወርዷታል። እኛ ልጆች አፋፉ ላይ በሆዳችን ተኝተን ነበልባሏን በዓይናችን እንከተላለን። አንድ ቀን ግማሽ መንገድ ላይ ነበልባሏ ጠበበች፣ ቀላች፣ ድርግም አለች። አባቴ «ተው፣ ዛሬ አትውረድ፤ ታፍኗል» አለው። ቅጠላም ቅርንጫፍ በገመድ አስረው ወደ ላይ ወደ ታች እያሉ አየሩን ሲያናውጡ ዋሉ።

ከምንተነፍሰው አየር 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። ነበልባል 16 በመቶ ገደማ ላይ ሲጠፋ ሰው ገና በሕይወት አለ። ኩራዟ ቀድማን ትሞትልን ነበር።

በኋላ ባሕር ዳር በጣና ውኃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን መለካት ሥራዬ ሆነ። መጀመሪያ የተማርኩት ሃንጋሪያዊው ላዮሽ ቪንክለር በ1888 ያወጣውን ዘዴ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ ሰማያዊው ቀለም እስኪጠፋ ድረስ ጠብታ መቁጠር። እጅ ያለው ሰው ከሠራው ዛሬም አያሳፍርም። ቀጥሎ አሜሪካዊው ሌላንድ ክላርክ በ1956 ያስተዋወቀው ኤሌክትሮድ መጣ። ይኸኛው የሚለካውን ኦክስጅን ራሱ ይበላል፤ ውኃውን ካላማሰሉለት አሳንሶ ያነባል። ጫፉን የሚሸፍነው ስስ ፕላስቲክ ማርጀቱን ሳላይ ከእምቦጭ ሥር የለካሁትን የአንድ ቀን ሥራ ጥያለሁ።

አሁን የምይዘው ጫፉ ላይ ብርሃን የሚሰጥ ስስ ሽፋን ያለበት ነው። ነገሩ የቆየ ነው፦ ኬሚስቱ ሃንስ ካውትስኪ በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ ሲሊካ ጄል ላይ ያሳረፈው ቀለም የሚሰጠውን ብርሃን ኦክስጅን እንደሚያጠፋው አሳየ። ዛሬ እንደ ፕላቲነም ፖርፊሪን ያለ ቀለም ከፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ በስሱ ይቀባል። ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ቀይ ይመልሳል፤ ኦክስጅን በአጠገቡ ካለ ግን ቀለሙ የጠጣውን ኃይል ሳይመልስ ይነጥቀዋል። መሣሪያው ቀዩ እስኪከስም ያለውን ጊዜ በሰከንድ ሚሊዮንኛ ይቆጥራል፤ ኦክስጅኑንም አይበላበትም። የጣና ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 80 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ያን ሳይነግሩት መለካት ግን ልፋት ነው።

ባለፈው አገር ቤት ስገባ ለአባቴ አሳየሁት። ይኸኛው ኦክስጅን ሲጠፋ ይደምቃል፣ ሲኖር ይደበዝዛል አልኩት። ጫፉን እያገላበጠ አየው።

«ታዲያ ልጄ፣ የሚወረደው ሲጨልም ነዋ?»